እሌኒ ገብረመድኅን፦ ከእህል በረንዳ የተነሳ ገበያ

ከጅማ መስመር የሚመጣ የጭነት መኪና አዲስ አበባን የሚረግጠው በኮልፌ ቀራንዮ በኩል ነው። ዓለም ገናን ያልፋል፣ አየር ጤና ላይ ከታክሲው ጋር ይጋፋል፣ በዘነበወርቅና በጦር ኃይሎች አድርጎ ወደ መርካቶ ያመራል። የበቾ ጤፍና የጅማ ቡና ለከተማው የሚደርሰው በዚህ በር ነው። መድረሻው ሩቅ አይደለም፤ ኮልፌ ከአዲስ ከተማ ጋር ከምትዋሰንበት አለፍ ሲባል እህል በረንዳ አለ። የመሀል አገሩ የእህል ዋጋ ለብዙ ዘመን የሚቆረጠው እዚያ ነበር። ቆራጮቹም ደላሎች ነበሩ።

እነዚህን ደላሎች ለዶክትሬት ጥናታቸው የመረጡት ዶ/ር እሌኒ ገብረመድኅን ናቸው። በ1956 ዓ.ም. አዲስ አበባ ተወለዱ። አባታቸው በተባበሩት መንግሥታት ይሠሩ ስለነበር ልጅነታቸው ከአንዱ የአፍሪካ አገር ወደ ሌላው ሲዘዋወሩ አለፈ፤ ሁለተኛ ደረጃን የጨረሱት ኬንያ ውስጥ በሪፍት ቫሊ አካዳሚ ነው። ያጠኑት ኢኮኖሚክስ ነው። የሚያሳስባቸው ደግሞ ከሁሉ በፊት የእህል ነገር ነበር።

እሳቸው በሰው አገር ሲያድጉ አገር ቤት የእህል ገበያው በአዋጅ እየታሰረ ሄደ። በ1968 ዓ.ም. ደርግ የእርሻ ሰብል ገበያ ድርጅትን አቋቋመ። ገበሬው የተመደበበትን ኮታ መንግሥት በቆረጠው ዋጋ ማስገባት ግዴታው ሆነ፤ ነጋዴውም ከገዛው ላይ ለድርጅቱ ድርሻውን ያስረክብ ነበር። በየመንገዱ ኬላ ተተከለ። ከአንዱ ክፍለ ሀገር ወደ ሌላው እህል ጭኖ ማለፍ ፈቃድ ይጠይቅ ጀመር፤ ያለ ፈቃድ የተገኘውም ይወረሳል። በዚህ አሠራር ትርፍ ያመረተ አውራጃና የተራበ አውራጃ በአንድ አገር ውስጥ እያሉ ሳይገናኙ ቀሩ።

ከዚያ የ77ቱ ድርቅ መጣ። እሌኒ በዚያ ጊዜ አሜሪካ ውስጥ የኮርኔል ዩኒቨርሲቲ ተማሪ ነበሩ። የወሎና የትግራይ ሕዝብ ስቃይ በዓለም ቴሌቪዥን ሲታይ ብዙው ሰው የሚያወራው ስለ ዝናብ መጥፋት ነበር። እሳቸውን ግን ሌላ ጥያቄ ያዛቸው፤ ሰሜኑ ሲራብ በሌላው የአገሪቱ ክፍል የተመረተው እህል ለምን አልደረሰለትም? ከብዙ ዓመት በኋላ በየመድረኩ ሲናገሩም ደጋግመው የሚያነሱት ይህንኑ ነው። ጥያቄው ቀላል ይመስላል። መልሱ ግን ዝናብን ትቶ ወደ ኬላ፣ ወደ ሚዛን፣ ወደ መጋዘን፣ ወደ ብድርና ወደ መተማመን ይወስዳል፤ እሌኒም ቀሪ የሥራ ዘመናቸውን የሰጡት ለእነዚህ ነገሮች ነው።

ከኮርኔል በኋላ ሁለተኛ ዲግሪያቸውን በሚሺጋን ስቴት ዩኒቨርሲቲ ሠሩ፤ ለዶክትሬት ስታንፎርድ ገቡ። በመካከሉ አገር ቤት ነገሩ ተለወጠ። በ1982 ዓ.ም. ደርግ ቅይጥ ኢኮኖሚ ሲያውጅ የእህል ኮታው ቀረ፣ ኬላው ተነሳ። የተከተለው መንግሥትም ገበያውን ክፍት አድርጎ ቀጠለ። ነጋዴው እንደ ልቡ መግዛትና መሸጥ ቻለ። የማያውቀውን ሰው አምኖ እህሉን የሚልክበት ምንም ዋስትና ግን አልነበረውም። ጥራት የሚመሰክርለት ደረጃ የለም፣ ገንዘቡን ቢከለከል ቶሎ የሚደርስለት ፍርድ ቤት የለም፣ ሌላ ከተማ ዛሬ ስንት እንደተሸጠ የሚነግረው ሰሌዳ የለም። እሌኒ በ1980ዎቹ መጨረሻ ጥናታቸውን ይዘው ሲመጡ ያገኙት ይህን ገበያ ነው።

እህል በረንዳ በዚያ ዘመን እንዲህ ይሠራ ነበር። ጎጃም ያለ ነጋዴ 100 ኩንታል ጤፍ ጭኖ ለሚያውቀው ደላላ ይልካል። ራሱ አብሮ አይመጣም። መኪኖቹ ሌሊቱን ገብተው ይደረደራሉ። ደላላው ከመኪና መኪና እየዞረ ጆንያውን በሾለ ብረት ይወጋል፣ የወጣውን ፍሬ መዳፉ ላይ ያፈሰዋል፣ በጣቱ አሻሽቶ ወደ ብርሃን ያስጠጋዋል፣ ጥቂቱን አፉ ውስጥ ጥሎ ይቆረጥመዋል። ማኛ ነው፣ ነጭ ነው፣ ሰርገኛ ነው ይላል። እርጥበት ካለው ጥርሱ ይነግረዋል፤ አፈር ካለበት መዳፉ ላይ ይቀራል። ስንት መኪና እንደገባና ስንት ገዢ እንደቆመ ካየ በኋላ የጠዋቱን ዋጋ ይናገራል። ገዢውን ያመጣል፣ ሂሳቡን ይቀበላል፣ ኮሚሽኑን ቀንሶ ለባለ እህሉ ይልካል። ጎጃም ያለው ሰው ስለ ዋጋውም ሆነ ስለ ጥራቱ ያለው ማስረጃ የደላላው ቃል ብቻ ነው።

ደላላን መርገም በአገራችን የቆየ ነው። ለዋጋ መናር ሁልጊዜ የመጀመሪያው ተጠያቂ እሱ ነው፤ ደርግም ነጋዴውንና ደላላውን በአንድ ላይ ጠላት ብሎ ፈርጇቸው ነበር። የእሌኒ ጥናት ወደዚህ ፍርድ አልሄደም። ከነጋዴዎችና ከደላሎች በተሰበሰበ መረጃ ያሳዩት ደላላው አንድ የጎደለ ተቋምን ሥራ በራሱ ጉልበት እየሠራ መሆኑን ነው። ደረጃ መዳቢው እሱ ነው፣ የዋጋ ዜናው እሱ ነው፣ ዋሱ እሱ ነው። ያለ እሱ በሁለት ከተሞች ያሉ ሁለት የማይተዋወቁ ሰዎች አይገበያዩም ነበር። ችግሩ ይህ ሁሉ በአንድ ሰው ስምና ትውውቅ ላይ መቆሙ ነው። ነጋዴው ከሚያውቃቸው ጥቂት ሰዎችና ከለመዳቸው ጥቂት ገበያዎች አይወጣም። አንድ ክልል ትርፍ ሲያመርት ሌላው እጥረት ላይ ሆኖ፣ ማንም ወደማያውቀው ከተማ እህል መላክ ስለማይደፍር ልዩነቱ ሳይጠብ ይቀራል። የ77ቱ ጥያቄያቸው፣ ኬላው ከተነሳም በኋላ፣ በሌላ መልክ እዚያው ቆሞ ነበር።

ዶክትሬታቸውን በ1990 ዓ.ም. አገኙ፤ ጥናቱም በአሜሪካ የግብርና ኢኮኖሚስቶች ማኅበር የዓመቱ ምርጥ የመመረቂያ ጽሑፍ ተብሎ ተሸለመ። ከዚያ በዓለም አቀፉ የምግብ ፖሊሲ ጥናት ተቋምና በዓለም ባንክ ሠሩ። በዋሽንግተን የተመቻቸ ሥራ ነበራቸው። ነገር ግን በ1994 ዓ.ም. ኢትዮጵያ ውስጥ የሆነው ነገር ከምሁርነት ወደ መሥራችነት የገፋቸው ይመስለኛል።

በ1993ና በ1994 ዓ.ም. አዝመራው ሰመረ። ገበሬው የተሻሻለ ዘርና ማዳበሪያ በብድር ወስዶ፣ እንደተመከረው ዘርቶ፣ እንደተባለውም ብዙ በቆሎ አገኘ። ገበያ ሲወጣ ግን ዋጋው ወደቀ፤ በአንዳንድ የበቆሎ አገሮች ገበሬው በእጁ የሚያገኘው እስከ 80 በመቶ ቀነሰ። ሰብሉን አስጭዶና አስጭኖ ከመሸጥ ማሳ ላይ መተው የሚሻልበት ቦታ ነበር። የማዳበሪያ ዕዳ ግን አይቀርም፤ በሬ ተሸጦ ተከፈለ። ለሚቀጥለው ዘመን ማዳበሪያ የሚገዛ ጠፋ። በዚያው ላይ ዝናቡ ሰነፈ። በ1995 ዓ.ም. ከ13 ሚሊዮን በላይ ሕዝብ የምግብ እርዳታ ጠባቂ ሆነ። በአንዱ ዓመት እህል ማሳ ላይ በሰበሰበት አገር በሚቀጥለው ዓመት ሰው ተራበ። ከዚህ በላይ የዋጋ ስጋት ምን ማለት እንደሆነ የሚያስረዳ ምሳሌ አላውቅም።

የዋጋ ስጋትን መቀነስ በዓለም የገንዘብ ታሪክ ውስጥ ትልቅ ሀብት የተሠራበት ሙያ ነው። እ.ኤ.አ. በ1949 ኒው ዮርክ ውስጥ አልፍሬድ ዊንስሎ ጆንስ የተባለ የሶሺዮሎጂ ምሁርና ጋዜጠኛ በ100,000 ዶላር አንድ የኢንቨስትመንት ሽርክና መሠረተ፤ 40,000ው የራሱ ነበር። ይወጣል ያለውን አክሲዮን ይገዛል፤ ይወርዳል ያለውን ደግሞ ተበድሮ ይሸጣል። ገበያው በአጠቃላይ ቢወድቅ አንዱ የከሰረውን ሌላው ይክሳል። ለድካሙ ከትርፉ 20 በመቶ ይወስዳል። ዛሬ ሄጅ ፈንድ የሚባለው ግዙፍ ኢንዱስትሪ የመጀመሪያ አባት አድርጎ የሚቆጥረው እሱን ነው። ይሁንና ጆንስ ለአክሲዮን የተጠቀመበትን አሳብ የእህል ሰዎች አስቀድመው ያውቁት ነበር። በጃፓን ኦሳካ የዶጂማ የሩዝ ገበያ እ.ኤ.አ. በ1730 መንግሥታዊ እውቅና አግኝቷል፤ የቺካጎ ነጋዴዎች የእህል ገበያቸውን ያቋቋሙት እ.ኤ.አ. በ1848 ነው።

ለገበሬ ሲተረጎም ነገሩ እንዲህ ነው። እንበልና የበቾ ገበሬ ሰኔ ላይ ሳለ፣ ገና ሳይዘራ፣ ጥር ላይ የሚያስረክበውን ጤፍ ዛሬ በሚታወቅ ዋጋ ሸጦ ውል መያዝ ቢችል፣ ጥር ላይ ዋጋው ቢወድቅ አይጎዳም። ቢወጣ ጭማሪው ያመልጠዋል፤ ነገር ግን ማዳበሪያ ሲበደር ምን እንደሚከፍል ያውቃል። ስጋቱን የሚሸከምለት ከእሱ የተሻለ አቅም ያለው ነጋዴ ወይም ባለ ገንዘብ ነው። ጆንስ ይህን ለኒው ዮርክ ባለ ሀብቶች አደረገው። እሌኒ የፈለጉት በሄክታር ክፋይ ለሚያርስ ሰው ነው። በፍልስፍናቸው ውስጥ ለእኔ ትልቁ ነገር ይህ ነው፤ ድሀ ገበሬ ከዝናብና ከማዳበሪያ ሌላ ከዋጋ መውደቅ መጠበቅም ይገባዋል ብለው ማመናቸው።

በ1996 ዓ.ም. ገደማ የምግብ ፖሊሲ ጥናት ተቋሙን የኢትዮጵያ ፕሮግራም ለመምራት ወደ አገራቸው ተመለሱ። የምርት ገበያ አሳባቸውን ለመንግሥት አቀረቡ፤ ጠቅላይ ሚኒስትር መለስ ዜናዊም ደገፉት። ከዚያ በኋላ ያለው ጊዜ የሕግና የሰው ፍለጋ ጊዜ ነበር። የመጋዘን ደረሰኝን ሕጋዊ ሰነድ ያደረገው አዋጅ ቁጥር 372/1996 ቀድሞ ወጥቶ ስለነበር አንዱ መሠረት ተጥሏል። በ1999 ዓ.ም. አዋጅ ቁጥር 550 የኢትዮጵያ ምርት ገበያን፣ አዋጅ ቁጥር 551 ደግሞ ተቆጣጣሪውን ባለሥልጣን አቋቋመ። በዚያው ዓመት ግንቦት መጨረሻ እሌኒ አሩሻ ላይ በተካሄደው የቴድ ጉባኤ ቆመው አሳባቸውን ለዓለም ተናገሩ፤ አፍሪካ ውስጥ ገበሬው ካመረተው ለገበያ የሚደርሰው ሲሶው ያህል ብቻ ነው ብለው። ንግግሩ በኢንተርኔት ብዙ ተመልካች አገኘ። በአዲስ አበባ ግን ገና አንድ ኩንታል አልተሸጠም ነበር።

ሚያዝያ 2000 ዓ.ም. የኢትዮጵያ ምርት ገበያ በሩን ከፈተ። ሜክሲኮ አካባቢ በሚገኘው የግብይት አዳራሽ ደወል ሲደወል የገዢና የሻጭ ተወካዮች በቀለም የተለየ ጃኬታቸውን ለብሰው ወደ መሀል ይወጡ ነበር። ዋጋ ይጠሩ፣ ይጯጯኹ፣ በጣት ያሳዩ ነበር። ሲስማሙ አንዱ የሌላውን መዳፍ ይመታ ነበር፤ ውሉም ያኔ ይጸናል። በመዳፍ መምታት መዋዋልን የከብት ገበያ ያየ ሰው ሁሉ ያውቀዋልና እዚያ ለገባ ነጋዴ ባይተዋርነት አልተሰማውም።

ከመዳፉ በስተጀርባ ያለው ግን አዲስ ነበር። እህሉ ወደ አዳራሹ አይመጣም። በየአካባቢው ባለ መጋዘን ይራገፋል፣ ይመዘናል፣ ናሙና ይወሰድለታል፣ ላቦራቶሪ ደረጃ ይሰጠዋል። ባለቤቱ የሚይዘው የመጋዘን ደረሰኝ ነው፤ የሚሸጠውም ደረሰኙን ነው። ገዢ ገንዘቡን አስቀድሞ ባንክ ሳያስገባ መጫረት አይችልም። ስለዚህ ሻጭ ገንዘቡን በማግስቱ ከሂሳቡ ያገኘዋል። እህል በረንዳ ላይ ሳምንታት የሚወስድ፣ አንዳንዴም የሚቀልጥ ገንዘብ እዚህ በአንድ ቀን ይደርስ ጀመር። ዋጋው በገጠር ከተሞች በተተከሉ ሰሌዳዎችና በስልክ ይነገራል። ደላላው በአፉ፣ በመዳፉና በስሙ የሠራውን ሥራ እሌኒ ለአራት ተቋማት አካፈሉት፤ ለላቦራቶሪ፣ ለመጋዘን፣ ለባንክና ለዋጋ ሰሌዳ።

ገበያው የተከፈተበት ጊዜ ግን ክፉ ነበር። በዚያው ዓመት የምግብ ዋጋ በዓለም ናረ፤ በኢትዮጵያ ሐምሌ 2000 ላይ የዋጋ ግሽበቱ ከ60 በመቶ አለፈ። መንግሥት እህል ወደ ውጭ እንዳይወጣ አገደ፣ ስንዴ ከውጭ አስገብቶ በድጎማ አከፋፈለ። ዋጋ በየቀኑ ሲጨምር እህል የያዘ ሰው መጋዘን አስገብቶ ደረሰኝ ለመያዝ አይቸኩልም። በቆሎና ስንዴ በአዲሱ ገበያ የተገበያዩት በጣም ትንሽ ነበር። ለእህል የታሰበው ገበያ እህል አጣ።

ያዳነው ቡና ነው፤ ያዳነውም በአዋጅ ነው። ከዚያ በፊት ቡና በአዲስ አበባና በድሬዳዋ በሚካሄድ የመንግሥት ጨረታ ይሸጥ ነበር። በነሐሴ 2000 የወጣው የቡና ጥራት ቁጥጥርና ግብይት አዋጅ ቁጥር 602 አቅራቢው ቡናውን ለላኪ በምርት ገበያ በኩል ብቻ እንዲሸጥ አስገደደ፤ የራሳቸውን እርሻ ምርት የሚልኩ ባለ እርሻዎችና የኅብረት ሥራ ዩኒየኖች ብቻ በቀጥታ መላክ ተፈቀደላቸው። በ2001 ዓ.ም. የመጀመሪያ ወራት የቡና ግብይቱ ተጀመረ። ናሙናው የባለቤቱ ስም ሳይታወቅ በኮድ ወደ ላቦራቶሪ ይገባል። ከ100 ነጥብ 40ው ለጥሬው ፍሬ ነው፤ እርጥበቱ፣ መጠኑ፣ ቀለሙና ጉድለቱ ይታያል። 60ው ለቅምሻ ነው፤ ቀማሹ የማንን ቡና እንደሚቀምስ ሳያውቅ አንድ ማንኪያ በጩኸት ይስብና ነጥቡን ይጽፋል። የይርጋጨፌ ትንሽ አቅራቢና የአዲስ አበባ ትልቅ ነጋዴ ቡና በአንድ ሚዛንና በአንድ ምላስ ተለካ። ዋጋው በፈረሱላ ተጠርቶ በማግስቱ ይከፈላል። ብዙ አቅራቢዎች ገበያውን የወደዱት በዚህ ነው።

ከዚያ ከባድ ሳምንታት መጡ። የዓለም የቡና ዋጋ ወርዶ፣ የአገር ውስጡ ግን ከፍ ብሎ፣ ላኪዎች ቡናቸውን ይዘው ተቀመጡ፤ አገሪቱ ደግሞ የውጭ ምንዛሪ ተጠምታለች። መጋቢት 2001 ላይ መንግሥት ስድስት ትላልቅ ላኪዎችን ቡና ደብቃችኋል ብሎ ፈቃዳቸውን አገደ፣ መጋዘናቸው ውስጥ ያለውንም ቡና ወሰደ። ምርት ገበያው ይህን አላዘዘም። ቢሆንም በነጋዴው ዓይን አዲሱ አዳራሽና የመንግሥት ክንድ አንድ ሆነው ታዩ። በፈቃድ መጥቶ ሊያምንበት የሚገባ ገበያ በግዴታ ሲሞላ መተማመኑ ከሥሩ ይጎዳል፤ እሌኒ በእህል በረንዳ ጥናታቸው ዋና ጉዳይ ያደረጉት ነገር መተማመን መሆኑን ስናስብ ይህ የሚያሳዝን ምዕራፍ ነው።

ሌላው ቅሬታ ከባሕር ማዶ መጣ። የአሜሪካና የአውሮፓ ልዩ ቡና ገዢዎች የሚፈልጉት ይህ ቡና ከየትኛው ቀበሌ፣ ከየትኛው መፈልፈያ እንደመጣ ማወቅ ነው። ምርት ገበያው ግን ቡናውን በአካባቢና በደረጃ ቀላቅሎ ስለሚያከማች የአንዱ መንደር ስም ከሌላው ጋር ይጠፋ ነበር። ስም የጠፋበት ቡና ደግሞ ዋጋው ይቀንሳል። በ2002 ዓ.ም. ለልዩ ቡና ቀጥታ የግብይት መድረክ በመክፈት ነገሩን ለማለዘብ ሞከሩ፤ አልበቃም። በ2009 ዓ.ም. የወጣው አዋጅ ቁጥር 1051 ሕጉን አላላው፤ አምራችና አቅራቢ ቡናውን ከነመነሻው ይዞ ለላኪ ወይም ለውጭ ገዢ የሚሸጥበት መንገድ ሰፋ።

ለኮልፌ ሰው የዚህ ሁሉ ፍሬ በየደጁ በሚጣደው ጀበና ውስጥ ነው ያለው። ለውጭ ገበያ ብቁ የሆነ ቡና አገር ውስጥ መሸጥ በሕግ የተከለከለ በመሆኑ ላቦራቶሪው ለውጭ አይበቃም ያለው ነው ለአገር ውስጥ የሚወጣው። አየር ጤና መንገድ ዳር ጀበና የጣደች እናት የምትቆላው ፍሬ ከጅማ ተነስቶ በዚያው መንገድ ያለፈ ሊሆን ይችላል፤ ደረጃው ግን የተለየ ነው። በግሌ ይህ ነገር ሁሌ ይከነክነኛል፤ የውጭ ምንዛሪው ምክንያት ቢገባኝም።

እንዲህም ሆኖ የምርት ገበያው በጥቂት ዓመት ውስጥ ያደረገው ቀላል አይደለም። ቡናን፣ ሰሊጥንና ነጭ ቦሎቄን ጨምሮ ዓመታዊ ግብይቱ ከ1 ቢሊዮን ዶላር በላይ ደረሰ። ከዚህ ሁሉ ግብይት የሻጭ ገንዘብ አልቀረም። ከአፍሪካ አገሮች መንግሥታት መልእክተኞች አዳራሹን ሊያዩ መጡ። እሌኒ ለሥራቸው እ.ኤ.አ. በ2012 የያራ ሽልማትን ተቀበሉ። ጥናት ያደረጉ ተመራማሪዎች የደረሱበት ግን የተለያየ ነው፤ አንዳንዶቹ ምርት ገበያው መጋዘን ባለባቸው አካባቢዎች የቡና ዋጋ ልዩነት እንደጠበበ አገኙ፣ ሌሎች ደግሞ የአገር ውስጡ ዋጋ ከዓለም ዋጋ ጋር ያለው ትስስር ያን ያህል አልተለወጠም አሉ። ሁለቱም እውነት ሊሆን ይችላል። መጋዘን የቀረበው ገበሬ ተጠቀመ፤ ራቅ ያለው ገበሬ ዛሬም የሚሸጠው ለሰብሳቢው ነው።

በ2005 ዓ.ም. መጀመሪያ እሌኒ ከዋና ሥራ አስፈጻሚነት ለቀቁ። ቀጥሎ በስማቸው ኩባንያ መሠረቱ። ኩባንያው በሌሎች የአፍሪካ አገሮች የምርት ገበያ የሚያቋቁም ነበር፤ የዓለም አቀፉ የፋይናንስ ኮርፖሬሽን፣ ሞርጋን ስታንሊና 8 ማይልስ የተባለው የኢንቨስትመንት ፈንድ ገንዘብ አዋጡበት። ዎል ስትሪት የእህል በረንዳን ተማሪ ሲያምናቸው፣ ከጆንስ ጋር የተጀመረው ንጽጽር ይበልጥ ትርጉም ያገኛል። ጆንስ የሌሎችን ገንዘብ ይዞ በነበረ ገበያ ላይ ነገደ፤ እሌኒ ራሱን ገበያውን ነው ለመሥራት የተነሱት። የመጀመሪያው ሰውን ሀብታም ያደርጋል፣ ሁለተኛው ግን ብዙ ጊዜ ድካሙ የመሥራቹ ሆኖ ትርፉ የሌላ ነው። በአዲስ አበባም ብሉሙን የተባለ የወጣት ሥራ ፈጣሪዎች ማበልጸጊያ ከፈቱ፤ በኋላ በተባበሩት መንግሥታት የልማት ፕሮግራም የአፍሪካ የኢኖቬሽን ዋና ኃላፊ ሆኑ። በዚያ ሥራቸው ቲምቡክቱ የተባለውን መርሃ ግብር ይዘው ተነሱ፤ ዓላማው በአሥር ዓመት ውስጥ ለአፍሪካ ጀማሪ ኩባንያዎች 1 ቢሊዮን ዶላር ማሰባሰብ ነው።

ትተውት የሄዱት ገበያ በ2008 ዓ.ም. ወደ ኤሌክትሮኒክ ግብይት ገባ። በመዳፍ መምታት ቀርቶ በኮምፒውተር ፊት መቀመጥ መጣ፤ ጩኸቱም ጠፋ። በገንዘቡ ዓለም ደግሞ የካፒታል ገበያ አዋጅ ቁጥር 1248 በ2013 ዓ.ም. ወጣ፤ ጥር 2 ቀን 2017 ዓ.ም. የኢትዮጵያ ሰነደ መዋዕለ ንዋይ ገበያ ሥራ ሲጀምር ወጋገን ባንክ የመጀመሪያው ተመዝጋቢ ሆነ። አክሲዮን ያለው የከተማ ሰው ዋጋውን በይፋ የሚያይበት ቦታ አገኘ።

ገበሬው ከዋጋ መውደቅ የሚጠበቅበት ክፍል ግን አልተሠራም። ምርት ገበያው እስከ ዛሬ የሚያገበያየው መጋዘን የገባውን ምርት ነው፤ ሰኔ ላይ ለጥር የሚሸጥበት ፊውቸርስ የሚባለው የቀጠሮ ውል አልተጀመረም። ለዚህ ምክንያቶች አሉ። የቀጠሮ ውል እንዲኖር የዕለቱ ገበያ ጥልቅና የማይቆራረጥ መሆን አለበት፤ የእህሉ ግብይት ግን ቀጭን ነው። ስጋቱን የሚሸከም ባለ ገንዘብ ያስፈልጋል፤ ባንኮች ለዚህ ሥራ አልሠለጠኑም። መንግሥትም በድንገት የወጪ ንግድ ሲያግድ ወይም ስንዴ ሲያስገባ ዋጋው በአንድ ሌሊት ይገለበጣልና ስድስት ወር ቀድሞ የሚዋዋል አይገኝም። ሦስቱም የሚስተካከሉ ናቸው፤ የመጨረሻው ከሁሉ ይልቅ።

እስከዚያው ቅርብ ያለው መሣሪያ የመጋዘን ደረሰኙ ነው። ገበሬው ጥር ላይ ወቅቶ ወዲያው የሚሸጠው የማዳበሪያ ዕዳ፣ የትምህርት ቤት ክፍያና የልጅ ሠርግ ስለሚያስገድደው ነው፤ ያኔ ደግሞ ሁሉም ስለሚሸጥ ዋጋው ዝቅ ያለ ነው። እህሉን መጋዘን አስገብቶ በደረሰኙ ላይ ብድር ቢያገኝ ዕዳውን ከፍሎ ዋጋው እስኪነሳ ሐምሌ ድረስ መቆየት ይችላል። ሕጉ ከ1996 ዓ.ም. ጀምሮ አለ፣ ደረሰኙ አለ፣ ባንኮቹም አሉ። ከኅብረት ሥራ ማኅበራት ጋር ተጣምሮ በሰፊው ሊሠራበት የሚችለው ይህ ብድር ከበቾ እስከ ጎጃም ላለው የጤፍና የበቆሎ ገበሬ ገና የዕለት ተዕለት ነገር አልሆነም።